ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ሰሞኑን አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጤና ምርምር ንግግር አድርጌ ነበር። «በጽሑፍ አውጣልን» የሚለው ሰው ስለበዛብኝ ይኸው። ስናገር የዘለልኳቸውን ቁጥሮች አስገብቻለሁ፤ ማንንም ያላሳቁትን ቀልዶቼን አውጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሺ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የጤና ጥናት የማንበብ ሱስ ያለብኝ ሰው ነኝ። ሱሱ የጀመረኝ ደግሞ በገዛ ሞኝነቴ ነው። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርጋት ቤታ ካሮቲን የሚባል ነገር ካንሰርን ይከላከላል ይላል። መሃል ላይ «ተስፋ ሰጪ» የምትል ቃል ነበረችበት። በቃ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ብልቃጥ ክኒን ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እውጣለሁ። ያኔ ደግሞ አጫሽ ነበርኩ። ክኒኗን በውሃ አወራርዳለሁ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሲጋራዬን እለኩሳለሁ። ሌላውን እሷ ትወጣዋለች ነው ነገሩ።

ብልቃጡን ጨርሼ ሁለተኛውን ልገዛ ስል ነው «እስቲ ጥናቱን ራሱን ልየው» ያልኩት። ያ ጉዳይ ለካ ቀድሞ ተመርምሮ ያለቀለት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አትክልት በብዛት የሚበሉ ሰዎች፣ ደማቸው ውስጥ ብዙ ቤታ ካሮቲን የሚገኝባቸው ሰዎች፣ በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ከሌላው ያነሰ ነው። ይህ በተደጋጋሚ የታየ እውነት ነው። ታዲያ ቤታ ካሮቲኑን በክኒን ብንሰጥስ? ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 29,133 ወንድ አጫሾችን ሰበሰቡ። በዕጣ ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቤታ ካሮቲን ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ከ5 እስከ 8 ዓመት ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የተያዙት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አልተሳሳትኩም፣ በልጦ ነው። አሜሪካም ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ አጫሾች፣ ሲጋራ ያቆሙና በሥራቸው አስቤስቶስ ለሚባለው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን የተጋለጡ ሰዎች የተሳተፉበት ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። እዚያ ቤታ ካሮቲኑን ከቫይታሚን ኤ ጋር ነው የሰጡት፤ ካንሰሩ በ28 በመቶ በለጠ። ሙከራው ሊያልቅ 21 ወር ሲቀረው በ1996 መጀመሪያ አቆሙት።

እንግዲህ እኔ ሲጋራ በአፌ ይዤ የምውጣት ክኒን ይህቺ ነበረች።

ምን ተፈጠረ? የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አልዋሹም። ግን አትክልት የሚበላ ሰው አትክልት ከመብላት ሌላም ብዙ ነገር ያደርጋል። ያነሰ ያጨሳል። ያነሰ ይጠጣል። ምናልባት የተሻለ ገቢ አለው፣ ሲያመው ቶሎ ይታከማል። ይህን ሰው አትክልት ከማይነካው ጋር አስተያይተህ «ልዩነቱ ከካሮቷ ነው» ስትል የሁለት ሰዎችን ሙሉ ኑሮ ነው ለአንዲት ካሮት ያሸከምካት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የጤና ዜና ሳነብ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ዛሬ የማወራው በሙሉ ስለዚህች ጥያቄ ነው። ደስ የሚሉ ምርምሮችን አሳያችኋለሁ፣ ግን እግረ መንገዴን ተመራማሪዎቹ ይህቺን ጥያቄ እንዴት እንደተፋለሟት ካላያችሁ ደስታው ባዶ ነው።

ወደ ለንደን እንሂድ፣ ወደ 1950 አካባቢ። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነበር። የልብ ሕመም እየበዛ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሞሪስ ዓይኑን የጣለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ነው። እስቲ አንዱን አውቶቡስ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ከፊት ሹፌሩ አለ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል። ከኋላ ትኬት ቆራጩ አለ። እሱ መቀመጥ የለ፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ ሳንቲም ይቀበላል፣ ትኬት ይሰጣል፣ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ፌርማታ ሲደርስ እንደገና ይወጣል። በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፣ አንድ አውቶቡስ ላይ ናቸው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የሚከፍላቸው፣ የሚተነፍሱት የአንድ ከተማ ጭስ ነው። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል?

በ1953 ውጤቱን አሳተመ። ትኬት ቆራጮቹን የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከሹፌሮቹ ባነሰ ነበር። ቢይዛቸውም ዘግይቶ ነው፣ የመግደል ኃይሉም ደከም ይላል። ፖስታ አመላላሾችን ተቀምጠው ከሚሠሩ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ጋር ሲያስተያይም ያው ሆነ። የሰውነት እንቅስቃሴ ለልብ ይጠቅማል የሚለው፣ ዛሬ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር፣ በሳይንስ መቆም የጀመረው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ሞሪስን የወደድኩት ግን በዚህ አይደለም። ሰውየው የገዛ ግኝቱን ተጠራጠረ። አሃ፣ ሹፌር ለመሆን የሚያመለክቱትና ትኬት ቆራጭ ለመሆን የሚያመለክቱት ከመጀመሪያውኑ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑስ? አለ። እንዴት ያጣራዋል? ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ያሰፋ ነበር። ልብስ ሰፊ ደግሞ ወገብ ይለካል፣ የለካውንም ይመዘግባል። ሞሪስ የሱሪ ልክ መዝገቡን አስወጥቶ ተቀመጠ። ሱሪ በሱሪ። ያገኘው ነገር ደስ የሚል አልነበረም፤ ሹፌሮቹ ገና በወጣትነታቸው ወገባቸው ከትኬት ቆራጮቹ ወፈር ያለ ነበር። ከልዩነቱ ቢያንስ የተወሰነው ደረጃው ያመጣው ሳይሆን ሰዎቹ ይዘውት የመጡት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህንንም ራሱ በ1956 አሳተመው። የገዛ ዳቦው ላይ አመድ የሚነሰንስ ሰው ስንት ነው? እሱ አደረገው። ያም ሆኖ ራሱ መሮጥ ጀመረ፣ እስከ 99 ዓመቱም ኖረ። (ይህ ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ከማን ጋር ሲነጻጸር?)

ጥርጣሬውን የሚዘጋው መንገድ አንድ ነው፤ ዕጣ። ማን እንደሚንቀሳቀስ ሰዎቹ ራሳቸው አይምረጡ፣ ዕጣው ይምረጥላቸው። ዕጣ ወፍራም ከቀጭን፣ ሀብታም ከድሃ፣ ጠንቃቃ ከግዴለሽ አይለይም። ሁሉንም ቀላቅሎ ሁለት ቦታ ይከፍላቸዋል። የቀረው ልዩነት እኛ የጨመርነው ነገር ብቻ ይሆናል።

ከሞሪስ 70 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ለእኔ የዓመቱ ትልቅ የጤና ዜና የሆነው የዚህ ዓይነት ሙከራ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟቸው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ኬሞቴራፒያቸውን የጨረሱ 889 ሰዎች ናቸው። በአብዛኛው ካናዳና አውስትራሊያ ውስጥ። ኬሞ የጨረሰ ሰው ላይ የሚወርደውን ጭንቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ሕክምናው አለቀ፣ ሐኪሙ «እንግዲህ በየጊዜው እየመጣህ ትታያለህ» ይላል፣ አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ተመልሶ ይመጣ ይሆን እያልክ ትጠብቃለህ። ግማሾቹ ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ የሚመክር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ሌሎቹ ግማሾች ጽሑፉም ተሰጣቸው፣ ለ3 ዓመት የሚከታተላቸው የስፖርት ባለሙያም ተመደበላቸው። ማራቶን ሩጡ አልተባሉም። ለብዙዎቹ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ቢጨምሩ ይበቃ ነበር።

ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት ያሉት፣ ባለሙያ ከተመደበላቸው 80 በመቶ፣ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው 74 በመቶ ሆኑ። ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት 90 በመቶና 83 በመቶ። እስቲ ይህን አስቡት። ከ100 ሰው 7 ሰው። ይህን ያህል ያመጣ አዲስ ክኒን ቢገኝ ኖሮ በየቴሌቪዥኑ ትሰሙት ነበር። እርምጃን የሚሸጥ ኩባንያ ስለሌለ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ገና ከእኔ ሰማችሁት። ጉዳቱም ይነገር፤ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በተንቀሳቃሾቹ ላይ በለጥ ብሎ ታይቷል፣ 18 ከመቶ ለ11 ከመቶ ገደማ።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ሰዎቹን መዝግቦ ለመጨረስ 15 ዓመት ፈጅቷል። ጥሩ ማነጻጸሪያ ርካሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ ያኛውም ወገን ምክር ተሰጥቶታል። ልዩነቱን ያመጣው እውቀቱ አይደለም ማለት ነው፤ አጠገብህ ቆሞ «ዛሬ ወጥተሃል ወይ?» የሚልህ ሰው ነው። «ስፖርት ሥሩ» ብሎ ወረቀት መስጠትና ሰው መመደብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሐኪሞች ካላችሁ ይህቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ወደድኩት ታሪክ ልምጣ። አልማዝ ባለጭራ ይዞት የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ? (ስድስት ሰባት እጅ ወጣ።) በሽታውን ለማያውቁት፤ በልጅነት ጉድፍ ወይም ቺክንፖክስ ሲይዘን ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አይወጣልንም። ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከስንት አሥር ዓመት በኋላ፣ ሰውነት ሲደክም ይነቃና በአንድ ጎን በኩል እንደ መቀነት እያቃጠለ ይወጣል። ክትባት አለው።

ዌልስ ውስጥ ይህ ክትባት ለአረጋውያን መሰጠት የጀመረው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2013 ነው። ለሁሉም አልተዳረሰም። ዕድሜ ሲገፋ ጥቅሙ ይቀንሳል ተብሎ ገደብ ተበጀለት። በዚያ ቀን 80 ዓመት የሞላው ሰው አይከተብም። ገና 79 ላይ ያለ ይከተባል። በልደት ቀን ስናወራው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ዕድሉን ያገኛል፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ዕድሜ ልኩን አያገኝም።

ሁለት ጎረቤታሞች አስቡ። አንዷ የተወለደችው በኦገስት መጨረሻ ነው፣ ሌላዋ በሴፕቴምበር መጀመሪያ። በመካከላቸው አንድ ሳምንት አለ። አንድ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ይችላሉ፣ አንድ ሐኪም ሊያያቸው ይችላል። በጠባይም፣ በገንዘብም፣ በጤናም የሚለያቸው ምክንያት የለም። አንዷ ሐኪሟ ጋ ስትሄድ «ክትባት አለልሽ» ትባላለች። ሌላዋ «አንቺ እንኳን አልፎሻል» ትባላለች። በአንድ ሳምንት!

ፓስካል ጌልድሴትዘር የሚባል የስታንፎርድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንን አዩ። መንግሥት ሳያስበው ዕጣ አውጥቷል! ከ280 ሺህ በላይ ሰዎችን የጤና መዝገብ ገለጡ። ከገደቡ ወዲያ፣ ቀድመው ከተወለዱት፣ አንድም አልተከተበም ማለት ይቻላል። ከገደቡ ወዲህ ያሉት ግማሽ ያህሉ ተከትበዋል። ከዚያ ለ7 ዓመት ማን የመርሳት በሽታ ያዘው ብለው ቆጠሩ። ክትባቱን መውሰድ አዲስ በመርሳት በሽታ የመያዝን ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶት ተገኘ። በሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች በርትቶ ታየ። ሥራው በኤፕሪል 2025 ነው የታተመው።

እኔ መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም። «የተከተቡት ጠንቃቆቹ ናቸዋ» አልኩ፣ የካሮቷ ነገር ትዝ ብሎኝ። ግን አይሠራም። የሚነጻጸሩት የተከተበና ያልተከተበ አይደሉም እኮ። ከገደቡ ወዲህና ወዲያ የተወለዱ ናቸው። መቼ እንደሚወለድ የሚመርጥ ጠንቃቃ የለም። ሌሎች በሽታዎችንም አይተዋል፤ በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። አውስትራሊያ ውስጥም ሌላ የዕድሜ ገደብ ነበር፣ እዚያም ሲታይ ውጤቱ ወደዚያው አዘነበለ።

ለምን? እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሁለት ሐሳብ ይዘው ነው የሚሟገቱት። ምናልባት ነርቭ ውስጥ የተኛው ቫይረስ ብልጭ ድርግም እያለ አንጎልን ያቆስላል፣ ክትባቱ እንዳይነቃ ያደርገዋል። ወይም ክትባቱ የሰውነትን መከላከያ በጠቅላላው አነቃቅቶ ይሆናል። ልብ በሉ ደግሞ፣ ዌልስ ውስጥ ያኔ የተሰጠው አሮጌው ዓይነት ክትባት ነው፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት። አሁን ብዙ ቦታ ያለው ሌላ ነው። ስለዚህ «የመርሳት በሽታ ክትባት ተገኘ» ብሎ የሚጮህ ርዕስ ካያችሁ እለፉት። ተስፋው ግን እውነተኛ ነው።

ስለ ማክሰሻው መርፌ ሳልናገር ብሄድ ትጣሉኛላችሁ። ሴማግሉታይድ። አመጣጡ ራሱ ጉድ ነው። አንጀታችን ምግብ ሲገባበት የሚያመነጨው ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን አለ፤ ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ይላል፣ አንጎልን «ጠግበሃል» ይላል። ችግሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆን ኢንግ የሚባል ኒውዮርክ ያለ ሐኪም ጊላ የሚባል መርዘኛ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ እሱን የሚመስል፣ ግን ቶሎ የማይፈርስ ነገር አገኘ። ከዚያ የተሠራው የስኳር መድኃኒት በ2005 ተፈቀደ። ሴማግሉታይድ በዚያው መንገድ ኋላ የመጣ ነው።

ሙከራው በዕጣ ነበር። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ 68 ሳምንት። መርፌውን የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀነሱ፣ ባዶውን መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ። ኋላ ከ17 ሺህ በላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው ከባድ ክብደት ያላቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በእነዚህ የመሞት አደጋ በ20 በመቶ ቀነሰ። 20 በመቶ ስትሰሙ ግን ጆሯችሁን አቁሙ። በቁጥሩ ሲታይ አደጋው የደረሰባቸው ከ100 ሰው 8 የነበረው ወደ 6.5 ወረደ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ዜናው የሚመርጠው ትልቋን ነው። መርፌውን ያቆሙት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨመሩ።

የዚህ መድኃኒት ነገር ካሮቷን በደንብ ያስታውሰኛል። ለስኳር ሕመማቸው የሚወስዱት ሰዎች በመርሳት በሽታ የሚያዙት ከሌላው ያነሰ ይመስላል የሚሉ የመዝገብ ጥናቶች ነበሩ። ተስፋው ከፍ አለ። መድኃኒቱን የሚሠራው ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች አደረገ፣ ዋነኛው የመርሳት በሽታ የሆነው አልዛይመር በጀመራቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ፣ በዕጣ። በ2025 መጨረሻ ውጤቱ ወጣ። የበሽታውን ግስጋሴ አላዘገየውም። ኩባንያው ውጤቱን አልደበቀም፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል።

አንዳንዴ ደግሞ ማነጻጸሪያ ቡድን ጨርሶ አያስፈልግም። ሲክል ሴልን ውሰዱ። በዘር የሚወረስ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ክብነቱን ትቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይሰካካል፣ ያኔ የሚመጣው ሕመም በሞርፊን እንኳን ለመያዝ ያስቸግራል። በ1948 ጃኔት ዋትሰን የምትባል የብሩክሊን የሕፃናት ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለች። በሽታውን ይዘው የተወለዱት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት አይታመሙም። ለምን? ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የሚወጣው የፅንስ ሄሞግሎቢን አይጎብጥም። ችግሩ የሚጀምረው ሰውነት ከእሱ ወደ አዋቂው ሄሞግሎቢን ሲዞር ነው። እንግዲህ ያንን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ኋላ መመለስ ቢቻልስ? ጥያቄው 60 ዓመት ተቀመጠ። ማጥፊያው ቢሲኤል11ኤ የሚባል ጂን መሆኑ የታየው በ2008 ነው። ጂን የሚቆርጠው መሣሪያ ክሪስፐር የመጣው በ2012። ሕክምናው መጀመሪያ የተፈቀደው ብሪታንያ ውስጥ ነው፣ በኖቬምበር 2023።

ከታማሚው የደም ግንድ ሴሎች ይወሰዳሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያ ማጥፊያ ይቆረጣል፣ የታማሚው መቅኔ በከባድ ኬሞ ይጸዳል፣ ከዚያ የታረሙት ሴሎች ይመለሱለታል። በቂ ጊዜ ከተከታተሏቸው 31 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት አንድም ከባድ ሕመም አልተነሳባቸውም። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ ሕመሙ ይጥላቸው የነበሩ ናቸው። ባዶ መድኃኒት የወሰደ ቡድን የለም። አያስፈልግምም፤ እያንዳንዱ የሚነጻጸረው ከራሱ ከአምናው ጋር ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲገዝፍ ሌላ ምስክር አትፈልግም። ዋጋው ግን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሽታው የበዛባቸው አገሮች ይህን እንዴት እንደሚከፍሉ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ጣሪያ ነው የሚያየው።

የመጨረሻዋ ታሪክ ስለ ውስጣችን ናት። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። አገሩ ውስጥ የሱ ዓይነት ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነው። አንዲት ወጣት ታካሚው ወደ ሆስፒታሉ ለመምጣት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀርታ ራሷን አጠፋች። ከዚያ በኋላ በ2006 ያለውን ቆጠረ። ክፍል የለም፣ ነርስ የለም። የጤና በጎ ፈቃደኛ የሆኑ 14 አያቶች ነበሩ። እነሱን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። አያትየዋ ትቀመጣለች፣ ሰውየው አጠገቧ ይቀመጣል። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት አለ፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። «ድብርት አለብህ ወይ» ተብሎ የሚደነግጥ ሰው «ሐሳብ በዝቶብሃል ወይ» ሲባል ይናገራል። ካሉት ችግሮች አንዱን ብቻ ይመርጣሉ፣ ለእሱ የሚሆን አንድ እርምጃ አብረው ያወጣሉ፣ በሚቀጥለው ይገናኛሉ። ስድስት ጊዜ።

ሲሰሙት ደስ ይላል፣ አይደል? ደስ ማለቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። ቺባንዳም ይህን ያውቃል። ሐራሬ ውስጥ 24 ጤና ጣቢያዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፣ 573 ሰዎች። ወንበሩ የሌለባቸውም ጣቢያዎች ባዶ አልተተዉም፤ ነርስ አነጋግራቸዋለች፣ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ተሰጥቷል። ከ6 ወር በኋላ የድብርት ምልክት ያለባቸው በእነዚያ ጣቢያዎች ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ከወንበሩ ላይ የተነሱት 14 በመቶ። በ2016 ታተመ። እኔ ይህን ቁጥር ደጋግሜ ነው ያየሁት፤ ማነጻጸሪያው ደህና እንክብካቤ አግኝቶ እንኳን ልዩነቱ ይህን ያክላል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አለቀና ጥያቄ ተከፈተ። አንድ ወጣት «ታዲያ እናቴ እንዳትረሳ አልማዝ ባለጭራ ላስከትባት?» አለኝ። ያልኩት ይህን ነው። ስለ መርሳት ብለህ ከሆነ ትንሽ ቆይ፣ በዕጣ የተደረገ ሙከራ ገና ይቀረዋል። ግን 50 ዓመት ካለፋት ስለ በሽታው ስለ ራሱ ሐኪሟን ጠይቅላት፤ አዲሱ ክትባት ለእሱ በዕጣ ተፈትኖ ያለፈ ነው፣ ከ10 ሰው 9ኙን ያህል ይጠብቃል።

ይህን ስል ከኋላ ያሉ አንዲት እናት ብድግ አሉ። ቀደም ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዷ ናቸው። «እኔን ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ቁስሉ ደርቋል። ማቃጠሉ ግን አለ። ሌሊት አንሶላው እዚህ ጋ ሲነካኝ» አሉና በግራ ጎናቸው እጃቸውን አስኬዱ፣ ከጀርባ ጀምረው እስከ ደረታቸው፣ በቀጥታ መስመር። «አንሶላውን በክርኔ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ነው የምተኛው። ከያዘ በኋላስ ይሰጣል?»

ይሰጣል፣ ተመልሶ እንዳይነሳ፤ ያለውን ማቃጠል ግን አያጠፋም፣ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ሁለቱንም ሐኪምዎን ይጠይቁ አልኳቸው። ስብሰባው ሲበተን እኔ ጋ መጡ። ከቦርሳቸው አሮጌ ደረሰኝ አውጥተው ጀርባውን ገልብጠው ሰጡኝና «ስሙን በትልቁ ጻፍልኝ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉኝ።